ለድራማው መቶ ክፍል፣ ለጎረቤት አንድ?

ልጄ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ቤትሽ ቡና ጠጥቼ ስወጣ «ጋሼ፣ ዛሬ ምነው ዝም አሉ?» ብለሽኝ ነበር። ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ አይደለም። እንግዶችሽ ፊት ላሳፍርሽ ስላልፈለግኩ ነው። «ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል» ብዬም አልፌው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንቺ የማታውቂው ነገር ደረሰ፤ ዝምታዬም ጥፋት መስሎ ታየኝ። ስለዚህ መነጽሬን አድርጌ ይህን ጻፍኩልሽ። ብትቀየሚኝም ቡናሽን ከመጠጣት አልቀርም።

በመጀመሪያ እንዳትደነግጪ፤ «ቴሌቪዥኑን ዝጊው» ልልሽ አይደለም። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ የ«ጥቁር ፍቅር» ድራማ ቱርኮች አማርኛ ሲናገሩ፣ ብዙ የአገራችን ከያኒያን ተቆጥተው ነበር። ስጋታቸው ይገባኛል፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በየሽማግሌው ቤትም «ባህላችን አለቀለት» ተብሏል። እኔ ግን ያኔም አላመንኩም። ሰው የሰው ታሪክ ሲሰማ የኖረ ፍጥረት ነው፤ ትናንት በምድጃ ዳር፣ ዛሬ በዲሽ። «ገመና» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በሚታይበት ጊዜ እናትሽ ስንት ወጥ እንዳሳረረች ጠይቂያት። እኔም ብሆን ከአንቺ በፊት በሜክሲኮ ድራማ የሰከርኩ ሰው ነኝ። እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ እሁዱ እንመለስ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምስሉ ይቆራረጥ ጀመር፤ ጥቂት ቆይቶ ጭራሽ «ሲግናል የለም» አለ። የመቱ ሰማይ ሰዓቱን ያውቃል፤ ልክ ልጅቷ ደብዳቤውን ልትከፍት ስትል ነው የዘጋባችሁ። እናንተ ግን አልተዘጋችሁም። አንዷ «ለገንዘቡ ብላ ነው ያገባችው» አለች፤ ሌላዋ «ተገድዳ ነው» ብላ ተነሳች። አንቺ ረከቦቱ ፊት እንደተቀመጥሽ «ቆይ፣ እናቷ ታማባት አልነበር እንዴ? ያኔ የፈረመችውን ወረቀት ረሳችሁት?» ስትያቸው በልቤ አደነቅኩሽ። ከብዙ ክፍል በፊት የተባለውን ጠቅሰሽ ተሟገትሽላት። ጠበቃ ብትሆኚ ያምርብሽ ነበር።

ሁለተኛው ሲቀዳ ምስሉ አልተመለሰም፤ ወሬው ግን አጥር ተሻገረ። «ይልቅ የዚያች የጎረቤትሽ ነገርስ?» አለች አንደኛዋ። ባሏ በደሌ ይሠራል። እሷ ደግሞ ማለዳ ማለዳ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፌስታል አንጠልጥላ ባጃጅ ትሳፈራለች፤ ከሰዓት በኋላ አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች። ያያችሁት ይኸው ነው፤ ሌላ አልነበረም። ያችኛዋ ግን የድራማውን ክፉ ሴት ስም ጠርታ «ልክ እሷን ናት!» ስትል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አንቺም ሳቅሽ። ስኒውን እያቀበልሽኝ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አልሽ።

ልጄ፣ በአቦል ከሰሳችሁ፤ በቶና መሰከራችሁ፤ በረካ ሳይደርስ ፈረዳችሁ። ተከሳሿ ከግድግዳው ማዶ ልብሷን ከዝናቡ ታስገባ ነበር።

አባቶቻችን «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ያሉት ለዚህ ነው። ድሮ ጀግና ነኝ ባይ ጠጉሩን የሚያጎፍረው ግዳይ ጥሎ ሲመለስ ነበር፤ ሳይገድል ያጎፈረ ያፍር ነበር። ሳያጣራ ያወራ ግን ይኸው ዛሬም ይሳቅለታል።

ሐሙስ ዕለት ባልየው ሥራውን ጥሎ ከበደሌ መጣ። ስልክ ደርሶት ነው። ማን እንደደወለለት አልጠየቅኩም፤ አንቺ እንዳልሆንሽም አምናለሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ከቤትሽ ከወጣ ማን ይዞት እንደሄደ ቢታወቅም አይመልሰውም። ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን ተቀመጥን። ባልየው ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ሴትየዋ ብዙ ሰዓት ዝም አለች። ኋላ ጓዳ ገባችና ያንን ፌስታል አምጥታ ፊታችን አስቀመጠችው። አንድ የአጥሚት ፔርሙስ፣ አንድ የታጠበ የሌሊት ልብስ፣ አንድ የሆስፒታል ካርድ አለበት። በካርዱ ላይ ያለው ስም የእሷ አይደለም።

የማን እንደሆነ ለባሏ ነግራዋለች፤ እኛም ሰምተናል። አንቺ መስማት አያስፈልግሽም፤ የሽምግልና ወሬ ከዛፉ ሥር አይነሳም። እሷ ራሷ እንድነግርሽ የፈቀደችልኝ ይህን ያህል ነው፦ በየማለዳው የምትሄደው መቱ ካርል ሆስፒታል ነበር። የምታስታምማት ሰው ሕመሟ እንዳይታወቅባት ስለለመነቻት፣ ለባሏ እንኳ ሳትተነፍስ ቆየች። አደራ ጠባቂ ሴት ናት ያማችኋት።

አሁን ልብ አድርገሽ መዝኚልኝ። ለድራማዋ ሴት መቶ ክፍል ታገሥሻት። ዋሸች፤ «ምክንያት ይኖራታል» አልሽ። ሰረቀች፤ «እስኪ ነገ እንየው» አልሽ። ነገሩ ያልገባሽ ሲሆን ያለፈውን ከጎረቤት ጠይቀሽ አሟላሽ። በግድግዳ ለምትዋሰንሽ፣ እሳት ስታጪ ለምትሰጥሽ ሴት ግን አንድ ክፍል ብቻ ሰጠሻት፤ እሱም በአጥር ቀዳዳ የታየ ቁራጭ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ስንል አድገን፣ ከቅርብ ጎረቤት የሩቅ ተዋናይት በለጠችብን።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን አስቤበታለሁ። ድራማ ተመልካቹን ያሞላቅቃል። ካሜራው ከሳሽ ቤትም ተከሳሽ ቤትም ይገባል። ሰውየው በሩን ዘግቶ ብቻውን ሲያለቅስ ያሳይሻል፤ ሌላዋ ስልክ ዘግታ ስትስቅ ያሳይሻል። ሙዚቃው እንኳ ማን ክፉ እንደሆነ ቀድሞ ሹክ ይልሻል። በዓለም ላይ ያን ያህል ማስረጃ ያየ ዳኛ የለም። ታዲያ ያንን የዳኝነት ወንበር ለምደሽ ወደ ሰፈር ስትወጪ፣ ማስረጃው ቤት ይቀርና ወንበሩ ብቻ አብሮሽ ይወጣል። የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ ይባላል። አልጋውን ከመንገድ ሆኖ ማንም ያየዋል፤ ቀጋው የሚወጋውን ግን የሚያውቀው የተኛበት ነው።

«የመቱ ሽማግሌ ይህን ከየት አመጣው?» ትዪ ይሆናል። ከሞስኮ ነው ያመጣሁት። በ1979 ዓ.ም. ለእርሻ ትምህርት ሶቭየት ኅብረት ስሄድ አንቺ አልተወለድሽም። ትምህርቴን ሳልጨርስ ሁለት መንግሥት ፈረሰብኝ፤ የላከኝ በግንቦት 1983፣ የተቀበለኝ ደግሞ ከሰባት ወር በኋላ። በዚያ ክረምት ዋጋ ንሮ ለዳቦ የሚሰለፈው ሰው ጎዳናውን ይሞላ ነበር። አንዲት ሰዓት ላይ ግን ጎዳናው ጭር ይላል። «ሀብታሞችም ያለቅሳሉ» የሚባል የሜክሲኮ ተከታታይ ድራማ ይታያል። በስፓኒሽ በ1979 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፤ ለሩሲያ በተርጓሚ ደረሰ። ማሪያና የምትባለውን ልጅ የምትሠራው ቬሮኒካ ካስትሮ ናት፤ ኋላ ራሷ ሩሲያ ድረስ መጥታ ሕዝቡ እንደ ንግሥት ነው የተቀበላት።

የማሪያናን መከራ ላጫውትሽ። ባሏ ነገሩን ሳያጣራ ይጠረጥራትና ጥሏት ይሄዳል። እሷም በሐዘን አእምሮዋ ታውኮ፣ አራስ ልጇን መንገድ ላይ ለአንዲት ሎተሪ ሻጭ ሴት ሰጥታ ትሄዳለች። ስትነቃ ልጁ የለም። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ሳይሆን ዓመታት ሙሉ ትፈልገዋለች።

በተማሪዎች ማደሪያችን ምድር ቤት አንድ ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረች። ጽዳቶቹ፣ የወጥ ቤት ሴቶች፣ እኛ የውጭ አገር ተማሪዎች ሁሉ እዚያ እንከማቻለን። ልጁን የሰጠችበት ዕለት ሁከት ሆነ። «እናት እንዲህ ታደርጋለች?» «ድንጋይ ናት!» «ባሏ ነው እንጂ ጥፋተኛው!» በር ጠባቂዋ አሮጊት ብቻ ሹራቧን እየሠራች ዝም። ፍርድ ሲጠይቋት አንድ ቃል ነበረቻት፦ «ፓስሞትሪም።» እናያለን ማለት ነው። በማግስቱም «ፓስሞትሪም»፤ በሳምንቱም «ፓስሞትሪም»። እኔ የሚሞቀኝ ወጣት ነበርኩና አሮጊቷ የራሷ ሐሳብ የሌላት መሰለችኝ። ማሪያናን ድንጋይ ያሏት ሴቶች ኋላ ልጇን ስትፈልግ አይተው እንባቸውን በመሐረብ ሲያብሱ፣ አሮጊቷ የምታብሰው አልነበራትም። የምትመልሰው ፍርድ ስላልነበራት ነው።

እኛም ቃሉ አለን፤ ሩሲያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። እዚሁ ኢሉባቦር ውስጥ ኦሮሞው «እውነት ትቀጥናለች እንጂ አትበጠስም» ይላል። ሽማግሌ ቀጠሮ የሚሰጠው ሥራ ስለሚወድ አይደለም፤ ነገሩ እንዲያድር ነው። ባለድራማዎቹ ክፍሉን በጣፈጠበት የሚቆርጡት ነገ እንድትመጪ ነው፤ ሽማግሌም ነገሩን በጋለበት የሚቆርጠው ለዚሁ ነው፤ ነገ እንድትመጪ፣ ቀዝቅዘሽ።

ድራማ ያበላሻል ብቻ ካልኩሽ ደግሞ ዋሸሁ። በ1969 እ.ኤ.አ. ፔሩ ውስጥ «ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ» የሚባል ድራማ ወጣ። ማሪያ የቤት ሠራተኛ የሆነች ልጅ ናት፤ ማታ ማታ ፊደል ትቆጥራለች፤ በስፌት መኪና ራሷን ትችላለች። ሰርጓ በተቀረጸበት ቀን ሕዝቡ ስጦታ ይዞ ቤተ ክርስቲያኑን አጥለቀለቀው፤ ስፌት መኪናም ተሸምቶ ጉድ ተባለ። ሚጌል ሳቢዶ የሚባል የሜክሲኮ ሰው ይህን አይቶ «ሰው በድራማ ይህን ያህል ከተነካ ለምን አናስተምርበትም?» አለና በ1975 እ.ኤ.አ. ለጎልማሶች ትምህርት፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ለቤተሰብ ምጣኔ ድራማ ሠራ። ዘዴው ዞሮ ዞሮ እኛም አገር ገባ። በራዲዮ ይተላለፉ የነበሩት የአማርኛው «የቀን ቅኝት»ና የኦሮምኛው «ዲምቢባ» በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው፤ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ነበሩ። እናትሽ ቡና እየለቀመች ትሰማ የነበረው እነሱን ነው። ከመላ አገሪቱ ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ነው አድማጭ የጻፈው። አንዱ ይመክራል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ ሌላው «በእኔም ቤት እንዲህ ሆነ» ብሎ ይናዘዛል።

የሳቢዶ ብልሃት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በድራማው ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው ያቆማል። አንዱ ደግ ነው፤ አንዱ ክፉ ነው፤ ሦስተኛው በመካከል የሚወላውል። ይሳሳታል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሳሳታል፣ በመጨረሻ ይማራል። ተመልካች የሚማረው ከዚያ ከሦስተኛው ነው። እኛ ግን በቡናችን ላይ ደግና ክፉ ብቻ ነው የምናወራው። ሰፈራችን በሦስተኛው ዓይነት ሰው የተሞላ ነው፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። አንድ ጊዜ በቡና ማሳ ድንበር ተጣልተው የመጡ ሁለት ወንድማማቾችን ስሸመግል፣ ታላቅየው አንደበተ ርቱዕ ስለነበር የታናሹን ሳልጨርስ ልቤ ፈረደ። የድንበሩን ዛፍ ሄጄ ሳየው ታናሹ ነበር ልክ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ይቅርም ብሎኛል። ያንን ዛፍ በአጠገቡ ሳልፍ ግን እስካሁን ቀና ብዬ አላየውም።

ሌላም አለ፤ እዚሁ መቱ ደጃፍሽ ላይ ነው። ጎረቤትሽ በየማለዳው የምትሄድበት ሆስፒታል «ካርል» የተባለው በማን ስም ነው? በፊልም ተዋናይ ስም ነው። ካርልሃይንዝ ቦም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. «ሲሲ» በሚባሉት ፊልሞች የኦስትሪያን ወጣት ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሠርቶ የአውሮፓን ሴቶች ያስለቀሰ ሰው ነው። በ1960 ደግሞ «ፒፒንግ ቶም» በተባለ ፊልም ሴቶችን የሚገድል ሰው ሆኖ ሠራ፤ የዚያን ጊዜ ተቺዎች ፊልሙን ቀጠቀጡት። ለአንዱ ተመልካች ንጉሥ፣ ለሌላው ነፍሰ ገዳይ ሆነ። ሁለቱም ሰውየው አልነበሩም። በ1981 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር በጀርመንኛ የቴሌቪዥን መዝናኛ ዝግጅት ላይ ቀርቦ «ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለተራበው አፍሪቃ አንዲት ማርክ አይሰጥም» ብሎ ተወራረደ። ሲሶው አልሰጠም፤ ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ማርክ ገባ። በዚያው ዓመት ያንን ገንዘብ ይዞ ኢትዮጵያ መጣና «ሰዎች ለሰዎች»ን መሠረተ። በኢሉባቦርም ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ እዚህ መቱ ደግሞ የአብዲ ቦሪ የሕፃናት ማሳደጊያ የዚያ ፍሬ ናቸው። አብዲ ቦሪ የነገ ተስፋ ማለት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ሰውየው በ2014 እ.ኤ.አ. አረፈ።

ከዚህ ሁለት ነገር ውሰጂ። አንደኛው፣ ሰው በአንድ ክፍል አይታወቅም፤ በሠራው ፊልም ካርል ላይ የፈረደ ተመልካች እዚህ ያስቀመጠውን አላየም። ሁለተኛው፣ የተመልካች እንባ ከንቱ አይደለም፤ የሚፈስበት ቦይ ካገኘ ሆስፒታል ይሆናል። ቦይ ያጣ ግን ወለል ያጨቀያል። ለማታውቂያት ሴት ያለቀስሽው እንባ እውነተኛ ነው። ትንሽ ቦይ ብትቀጂለት ጎረቤትሽ ደጃፍ ይደርስ ነበር።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። የድራማ ሰው ስም ለሕያው ሰው አታውጪ፤ ስሙ አንዴ ከተለጠፈ ያቺ ሴት የራሷን ታሪክ የምትናገርበት አፍ አይኖራትም። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ነውና፣ የሰማሽውን ከማቀበልሽ በፊት «ይህን ያየው ማን ነው? ምን አየ? ምንስ ገመተ?» ብለሽ ለያዪው። ያያችሁት ፌስታል ነበር፤ የቀረው ሁሉ ግምት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሥሩ ደግሞ አጥር ማዶ ነበር፤ «እህቴ፣ ሰሞኑን ከስተሻል፣ ደህና ነሽ?» ብትያት ይበቃ ነበር። ላትነግርሽ ትችላለች። መጠየቅሽ ግን ለእሷ መልስ ነበር። ዲሹም ሲዘጋ፣ መብራትም ሲሄድ፣ ድራማውን እየገመታችሁ እስኪነጋ ተጨቃጨቁ፤ ደስ ይለኛል፣ እኔም እጨምራለሁ። ስለ ሰፈር ሰው ግን ሲግናል ከሌለ የለም በሉ።

«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። ለአንቺ መከራ አልመኝም፤ ሥራ ልስጥሽ። ይቅርታ ለመጠየቅ ሽማግሌ አትላኪ፣ ጉዳዩን አታግዝፊው። አጥሚት መሥራት ትችያለሽ፤ ከእናትሽ ወጥቶልሻል። ነገ ማለዳ ሞቅ አድርገሽ ፔርሙስ ሙዪና ከጎረቤትሽ ጋር ባጃጅ ተሳፈሪ። ፌስታሉን አንቺ ያዢላት። እስከ ሆስፒታሉ በር ተሸክመሽ አድርሻት፤ ለማን እንደሆነ ሳትጠይቂ ከበሩ ተመለሺ።

ስትመለሺ አንገትሽን መድፋትሽ አይቀርም፤ ማለዳ ስለተነሳሽም፣ ስላሰብሽም። በየአጥሩ ቀዳዳ ዓይን ይኖራል። «ይቺ ደግሞ ነጠላ ተከናንባ ከየት ትመጣለች?» የሚል ይኖራል። የእሁዱ ቡና ላይ ስለ አንቺ ምን ይባል ይሆን?

ፓስሞትሪም፣ ልጄ።